ከሰማይ የወደቀው ሃርድ ዲስክ

ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ድምፅ ያሰማል። ቋ . . . ቋ . . . ቋ! ኮምፒውተራችን አልነሳ ሲለን ወደ ጠጋኝ እንሮጣለን። ጠጋኙም ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና «ዲስኩ ሄዷል» ይለናል። ከዲስኩ ጋር የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእህት ሰርግ፣ የሟች አባት ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ዕቃው ይተካል፤ በውስጡ የነበረው ግን በገንዘብ አይገዛም። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ነገራችንን አደራ የሰጠነው ዕቃ ከየት መጣ? የሞተስ ይነሳል ወይ? እስቲ ታሪኩን እናውጋ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1956 ነው። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ በሬይኖልድ ጆንሰን መሪነት የተሠራውን ራማክ የሚባል ማሽን ይፋ አደረገ። በውስጡ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ተደርድረው ይሽከረከራሉ። ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል፤ የወር ኪራዩ 3,200 ዶላር ነበር። ታዲያ ይህ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ጥሩ ፎቶ ትሞላዋለች።

የሸክላ ማጫወቻ ያየ ሰው አሠራሩ ግር አይለውም። የሚሽከረከር ዲስክ አለ፣ በላዩ ላይ የሚመላለስ ክንድ አለ። ልዩነቱ የሸክላው መርፌ ሸክላውን ይነካል፤ የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ግን ዲስኩ ሲዞር በሚፈጥረው አየር ላይ ይንሳፈፋል። በ1973 አይቢኤም ዊንቸስተር በሚል ቅጽል ስም የታወቀውን ስሪት ሲያወጣ ማንበቢያውንና ዲስኩን አንድ ላይ አሸጋቸው። በ1980 ደግሞ ሲጌት 5 ሜጋ ባይት የሚይዝ አነስተኛ ዲስክ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ዕቃው እያነሰ፣ የሚይዘው እየበዛ፣ ማንበቢያውም ወደ ዲስኩ እየተጠጋ ሄደ። ዛሬ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖ ሜትር መሆኑን ካሰብን፣ ለማንበቢያው አንዲት ብናኝ ተራራ ናት ማለት ነው። ዲስኩ እየዞረ ከወደቀ ማንበቢያው የዲስኩን ፊት ይፍቀዋል። የሚፋቀው ደግሞ ዳታችን ነው።

አስቀድሞ አያስጠነቅቅም ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። በ2007 የጎግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ከተበላሹት ውስጥ 56 በመቶ የሚሆኑት ዲስክ ስለ ራሱ ጤና ከሚሰጣቸው አራት ዋና ዋና ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር።

አሁን ወደ ትንሣኤው እንምጣ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም ተሳፋሪዎቿ ሞቱ። ከወራት በኋላ በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ከስብርባሪዋ መካከል አንድ የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ዜኖን የተባለው ጋዝ ሲታመስ ዝልግልግነቱ እንዴት እንደሚለወጥ በጠፈር ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት የያዘ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ያሉ የክሮል ኦንትራክ ባለሙያዎች ዲስኮቹን አውጥተው አጠቡ፤ በሌላ ደህና ዕቃ ውስጥ ገጥመውም 99 በመቶ የሚሆነውን ዳታ አወጡ። የሙከራው ውጤት በ2008 በሳይንስ መጽሔት ታተመ።

ይህን የሰማ ሰው «ከሰማይ የወደቀ ከተነሳ የእኔማ ምን አለበት!» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያ ዲስክ ዕድለኛ ነበር። ዲስኮቹ አልተጣመሙም። ይሠራበት የነበረው ዶስ የተባለው ሥርዓት ፋይሎችን ብዙ ስለማይበታትን ጉዳቱ በአብዛኛው ያረፈው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ከዚያው አደጋ የተለቀሙ ሌሎች ሁለት ዲስኮች ግን ምንም ሊነበቡ አልቻሉም።

በዕድል ላይ ላለመንጠልጠል ያለው መላ ሌላ ነው። በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ኩባንያ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም አብዛኛውን ክፍል ጠራርጎ አጠፋው። መጠባበቂያው ሲፈተሽ ለሳምንታት በትክክል አልሠራም ነበር። ፊልሙን ያተረፈችው ጌሊን ሱስማን የተባለች ባለሙያ ናት። ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር አንድ ኮፒ ቤቷ ኮምፒውተር ላይ ተገኘ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ዲስክ ፈትቶ አላጠበም። ሁለተኛ ኮፒ ሌላ ቦታ ነበረ፤ በቃ።

መላው ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሱ አንዱ ኮፒ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ወደዚያችው ሚኒሶታ ሄደ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ካታሎግ ያዘጋጁለት ስብስብ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሱበት ካልታወቀ ብራናዎች መካከል ዛሬ የምናነባቸው በዚያ ፊልም ብቻ የሆኑ አሉ።

እንግዲህ ዲስካችሁ ቋ ቋ ማለት ከጀመረ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግማችሁ አታስነሱት፣ ቤት ውስጥም አትፍቱት። ፋይል በስህተት ካጠፋችሁ ዲስኩ ላይ ምንም አትጻፉ። ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው ማውጫውን ነው፤ ፋይሉ ሌላ እስኪጻፍበት እዚያው አለ። የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ግን የተሰረዘውን ቦታ በራሱ ስለሚያጸዳ ይህን ያህል ፋታ አይሰጥም።

ከሁሉ በፊት ግን መብራት እያለ አንድ ኮፒ ገልብጡና ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቤት፣ እናታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥም ቢሆን፣ አስቀምጡ። ደግሞ አልፎ አልፎ እየከፈታችሁ እዩት።