ጳጉሜ የማን ናት?

የዓመት ደሞዝን ወደ ወር መመንዘር የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ለ12 ታካፍላላችሁ፣ አለቀ። 120 ሺህ ብር በዓመት ከሆነ በወር 10 ሺህ ነው። ይህ እንግዲህ ዓመቱ 12 ወር ለሆነ ሰው ነው። እኛ ደግሞ 13 ወር አለን ብለን ስንኩራራ የኖርን ሕዝብ ነን። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁን ጸጋው የፀሐይ ነበር። ደሞዙ ግን ያው የ12 ወር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ ቆም ማለት ይጠቅማል። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፤ ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው፣ በምዕራብ በኩል ወደ ሸዋ የሚያስወጣው። በዚህ በር የሚገባና የሚወጣ ሰው የሚለያየው በቋንቋ ብቻ አይደለም። አንዱ በሒጅራ ይቆጥራል፣ ሌላው መስከረም ብሎ ይጀምራል፣ ሦስተኛው በፈረንጅ ይዋዋላል። «ዓመት» ሲባል ሦስቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሚያስቡት ግን አንድ ነገር አይደለም።

በፈረንጅ ከተዋዋሉት አንዱ ገጣሚው አርተር ራምቦ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ግጥም መጻፍ ለምን እንዳቆመ ነበር። ስንት ይከፈለው ነበር ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም። በ1873 ዓ.ም. (እነሱ 1880 በሚሉት) ኤደን ላይ ከባርዴ የንግድ ቤት ጋር ሲዋዋል ደሞዙ በዓመት 1,800 ሩፒ ነበር፣ ከሐረር ቅርንጫፍ የተጣራ ትርፍ ደግሞ መቶ አንድ እጅ። ለ12 ሲካፈል በወር 150 ሩፒ ይመጣል። የፈረንጁ 12 ወር 365ቱን ቀን አዳርሶ ስለሚጨርስ የሚተርፍ ቀን የለም። ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ገንዘብ ያላማረረበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ያለ ክፍያ የቀረች አንዲት ቀን አልነበረችውም።

ራምቦ ሐረር ሲገባ ከተማዋን የያዙት ግብፆች ነበሩ፣ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም.። የከተማው ነዋሪ ግን ጾሙንም በዓሉንም የሚቆጥረው በሒጅራ ነው። የሒጅራ 12 ወር 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል። 32 የፀሐይ ዓመት ሲሞላ በጨረቃ 33 ይሆናል። በጨረቃ ወር የሚከፈለው ሰው በ32 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ደሞዝ ያተርፋል ማለት ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የኦቶማን መንግሥት በዚህ ተቸግሯል። ግብር የሚሰበስበው እህል በሚደርስበት በፀሐይ ዓመት፣ ለወታደር የሚከፍለው በጨረቃ ዓመት ነበርና በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት ገቢ ሳይኖረው ወጪው ይመጣበታል። ወታደሩም ደሞዜ ዘገየ ብሎ አምፆ ያውቃል።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ መጣ። ከሸዋ የመጣው ወታደር ገባር ተመራ፤ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ሆነ። ወር ቆጥሮ መክፈል አላስፈለገም፣ ሒሳቡ በገባሩ ጀርባ ላይ ነበር። ሎሌም ቢሆን የሚቀጠረው በዓመት ነው፤ ቀለቡና የዓመት ልብሱ ከተሰጠው ጳጉሜን የት አደረሳችኋት ብሎ አይጠይቅም። በጳጉሜም ይበላላ!

ጥያቄው የተወለደው የወር ደሞዝ ሲመጣ ነው። በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ሲወጣ ሹማምንቱ የመንግሥት ደሞዝተኛ ሆኑ፤ ቢሮው በበዛ ቁጥር በወር የሚኖረው ሰው በዛ። ከዚያ ወዲህ ደሞዛችን የሚነገረው በወር ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። «በዓመት 120 ሺህ» ከተባላችሁ ጳጉሜ ውስጡ አለች። «በወር 10 ሺህ» ከተባላችሁ ግን ወሩ 30 ቀን ነው፤ አምስቱ ቀን የማን እንደሆነ የተናገረ የለም። ገንዘቡ ያው ሆኖ ውሉ ይለያያል።

በቁጥር እንየው። 120 ሺህ ለ365 ሲካፈል የቀኑ 328 ብር ከ77 ሳንቲም ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ግን አንድ ቀን ስትቀሩ የሚቆረጠው ወሩ ለ30 ተካፍሎ ነው፣ 333 ብር ከ33 ሳንቲም። ስትቀሩ ቀናችሁ ይወደዳል፣ ጳጉሜ ላይ ስትሠሩ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። ይሄ የት አገር ሒሳብ ነው?

እርግጥ ጳጉሜ ለሁሉም አንድ አይደለችም። የቀን ሠራተኛው የሠራበትን ይቀበላል። የቤት ኪራይም እንደ ደሞዙ 12 ወር ነው፤ አከራይ በጳጉሜ አይጠይቅም። ስለዚህ ተከራዩ ደሞዝተኛ በአንድ እጁ ያጣውን በሌላው ትንሽ ያገኛል። ችግሩ ሆድ ነው። ሆድ ወር አይቆጥርም። የነሐሴ ደሞዝ 35 ቀን መሄድ አለበት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36። በመሃሉ እንቁጣጣሽ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ መስቀል አለ። ያንን መንገድ በአስተማሪነቴ ዘመን ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፣ ርዝመቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደሞዝተኛው በበኩሉ ዓመቱን ለ365 ያካፍል። 10 ሺህ የሚያገኝ ሰው በየወሩ 137 ብር ቢያስቀምጥ ጳጉሜ ላይ 1,644 ብር ይጠብቀዋል፤ ይህ የአምስት ቀን ቀለብ ነው። ቀጣሪ ደግሞ ከዚህ የቀለለ ሥራ አለበት፤ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምር። «ይህ ደሞዝ የዓመቱን ቀናት በሙሉ ይጨምራል» ይበል፣ የቀኑንም ዋጋ በዚያው ያስላ። ወይም ጳጉሜን ለብቻዋ ይክፈል።

ሕዝቡ ደመወዝን «ደም» እና «ወዝ» ብሎ ይፈታዋል። የቃሉ ሥር ያ ይሁን አይሁን፣ ፍቺው ከልብ የወጣ ነው። ሰው በጳጉሜም ወዙ ይወጣል።