የፋሚኮም ዲስክ ሲስተም ድራይቭ የመጻፍ ማሻሻያ

የፋሚኮም ዲስክ ሲስተም ድራይቭ የመጻፍ ማሻሻያ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ ያቀረበው የቪዲዮ ጌም ዲስክ ድራይቭ አንድን ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጻፍ እንዲችል በሰርኪት ቦርዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። ድራይቩ ከፋብሪካ ሲወጣም መጻፍ ይችላል፤ ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ በራሱ በዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። በኋላ በተመረቱት ድራይቮች ላይ የተከለከለው ሙሉ ዲስክ መጻፍ ነው። ስለዚህ ማሻሻያው ለመሣሪያው አዲስ ችሎታ አይሰጠውም፤ የተዘጋበትን ይከፍትለታል። ኩባንያው ዲስክ የመጻፍ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ካቆመ ወዲህ የተበላሸ ዲስክን መልሶ ለመጻፍ ባለቤቶች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ሆኗል።

ታሪካዊ መነሻ

ፋሚኮም ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ያወጣው የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ነው። ጨዋታዎቹ የሚሸጡት በካርትሪጅ ነበር። በዚያን ጊዜ የማህደረ ትውስታ ቺፕ ውድ ስለነበረ የካርትሪጅ ጨዋታዎች መጠናቸው አነስተኛ ነበር። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 40 ኪሎባይት ብቻ ነው።

ኒንቴንዶ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ዲስክ ሲስተሙን እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1986 በጃፓን በ15,000 የን መሸጥ ጀመረ። የዲስኩ እያንዳንዱ ገጽ 64 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። በዚያው ቀን ከወጡት ጨዋታዎች አንዱ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሻርፕ የተባለው ኩባንያ ማጫወቻውንና ድራይቩን በአንድ ሣጥን ያጣመረውን ትዊን ፋሚኮም አወጣ።

የዲስኩ ትልቁ ማራኪነት እንደገና የሚጻፍ መሆኑ ነበር። በሱቆች ውስጥ ዲስክ ራይተር የሚባል ማሽን ተተክሎ ነበር። ደንበኛው የተሰላቸበትን ጨዋታ ይዞ ሄዶ 500 የን ከፍሎ በዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ጨዋታ ያስጽፋል፤ የቀድሞው ይጠፋል። አሠራሩ በአዲስ አበባ ዘፈንና ፊልም በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ላይ በክፍያ የሚጭኑ ሱቆችን ይመስላል። ልዩነቱ የዲስክ ራይተር አገልግሎት የራሱ የጨዋታ ሥርዓቱ ባለቤት ኩባንያ ያቀረበው መሆኑ ነው።

የዲስኩ ብልጫ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። በዚያው በ1986 ሰኔ ወር 128 ኪሎባይት የሚይዝ የካርትሪጅ ጨዋታ ማካይሙራ በገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ካርትሪጅ በመጠንም በፍጥነትም እየቀደመ ሄደ። ሆኖም መሣሪያው 4.4 ሚሊዮን ያህል የተሸጠ ሲሆን 200 የሚጠጉ ጨዋታዎች ወጥተውለታል። ከጃፓን ውጭ በይፋ አልተሸጠም።

የድራይቩ አሠራር

ዲስክ ካርድ የተባለው የጨዋታ ዲስክ ሚትሱሚ ኩባንያ በሠራው ኩዊክ ዲስክ ላይ የተመሠረተ ነው። ከተለመደው የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ የሚለየው በመስመሩ አደራደር ነው። ፍሎፒ ዲስክ ብዙ ክብ መስመሮች ስላሉት የማንበቢያው ራስ ወደሚፈልገው መስመር በቀጥታ ይሄዳል። ኩዊክ ዲስክ ግን እንደ ሸክላ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር የሚጠመዘዝ አንድ መስመር ብቻ አለው። ራሱ ከመጀመሪያ ተነሥቶ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ ከዚያም ወደ መነሻው ይመለሳል። አንዱን ገጽ አንብቦ ለመጨረስ 7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

በመስመሩ ላይ መረጃው በብሎክ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ብሎክ የኒንቴንዶን ስም የያዘ የመለያ ጽሑፍና የጨዋታውን መለያ ይይዛል። ሁለተኛው በገጹ ላይ ስንት ፋይል እንዳለ ይናገራል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፋይል በሁለት ብሎክ ይመጣል፤ አንዱ የፋይሉን ስምና መጠን፣ ሌላው ይዘቱን ይይዛል። በእያንዳንዱ ብሎክ መጨረሻ የመቆጣጠሪያ ቁጥር አለ። የተነበበው መረጃ ከዚህ ቁጥር ጋር ካልተስማማ ማጫወቻው «ስሕተት 27» የሚል መልእክት ያሳያል።

ድራይቩ ከማጫወቻው ጋር የሚገናኘው ራም አዳፕተር በሚባል፣ በካርትሪጁ ቦታ በሚሰካ ክፍል አማካይነት ነው። አዳፕተሩ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለሥዕል ደግሞ 8 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ አለው። ድራይቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከ6 የባትሪ ድንጋዮች ወይም ከአዳፕተር ነው።

ቅጂ የመከላከል ሥራ

እንደገና የሚጻፍ ዲስክ ለኩባንያው ጥቅምም ሥጋትም ነበረው። ሱቁ በ500 የን የሚጽፈውን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ በነጻ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ኒንቴንዶ በተለያየ ደረጃ መከላከያ አስቀመጠ።

የመጀመሪያው መከላከያ የዲስኩ ቅርጽ ነው። በፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ የኒንቴንዶ ስም ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ተቀርጿል። በድራይቩ ውስጥ ያለው ክፍል ከዚህ ጉድጓድ ጋር ካልገጠመ ዲስኩ በትክክል አይገባም። ሐሰተኛ ዲስክ የሠሩ ሰዎች ስሙን በጥቂቱ ለውጠው አስፈላጊዎቹን ጉድጓዶች ብቻ በማስቀረት ይህን አልፈውታል።

በሶፍትዌር በኩልም ሀከር ኢንተርናሽናል የተባለ የጃፓን ኩባንያ ዲስክ ሀከር የሚባል የመቅጃ ፕሮግራም አወጣ። የአዳፕተሩ ማህደረ ትውስታ ከዲስኩ አንድ ገጽ ስለሚያንስ ትልቅ ጨዋታ የሚቀዳ ሰው ዋናውንና ባዶውን ዲስክ እየቀያየረ ማስገባት ነበረበት።

ኒንቴንዶ በኋላ ባመረታቸው ድራይቮች ላይ ሙሉ ዲስክ መጻፍን የሚያግድ ሰርኪት ጨመረ። ሰርኪቱ ጨዋታው የራሱን የማስቀመጫ ፋይል ሲጽፍ ዝም ይላል፤ ዲስኩ እንዳለ ሊጻፍ ሲል ግን የመጻፊያውን ምልክት ያቋርጣል። ማሻሻያው ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሻሻያው እንዴት ይሠራል

ሥራው የሚጀምረው ድራይቩን በካቻቢቴ ፈትቶ የቺፑን ጽሑፍ በማንበብ ነው። በቺፕ ረገድ ሁለት ዋና ዓይነት አለ።

ኤፍዲ7201፦ በብዙዎቹ ድራይቮች ላይ የሚገኘው ይህ ቺፕ ራሱ መጻፍን አይከለክልም። ከቀደሙት በስተቀር በእነዚህ ድራይቮች ውስጥ እገዳው የሚገኘው በኃይል ማከፋፈያው ቦርድ ላይ ነው። ማሻሻያው እገዳው የሚያልፍበትን መስመር በስለት ቆርጦ፣ የመጻፊያው ምልክት ሰርኪቱን ዘሎ እንዲያልፍ ቀጭን ሽቦ መበየድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድራይቮች እገዳው ስለሌላቸው ለውጥ አያስፈልጋቸውም።

ኤፍዲ3206፦ በኋለኞቹ ድራይቮች ላይ የሚገኘው ይህ ቺፕ እገዳውን በውስጡ ስለያዘ ሽቦ መቀየር ብቻውን አይበቃም። አንዱ አማራጭ ቦርዱን በቀድሞው ዓይነት መተካት ነው።

ከብየዳው በፊት ግን መካኒካዊ ክፍሉ ጤናማ መሆን አለበት። ሞተሩ ዲስኩን የሚያዞረው በጎማ ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ ከዕድሜ ብዛት ይበጠሳል ወይም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። ቺንጋው ከተለወጠ በኋላ ሁለት ነገሮች ይስተካከላሉ፤ የሞተሩ ፍጥነትና ራሱ ማንበብ የሚጀምርበት ቦታ። መደበኛው የንባብ ፍጥነት በሰከንድ 96,400 ቢት ያህል ነው።

ይህ ማስተካከያ ለመጻፍ ከማንበብ ይልቅ ወሳኝ ነው። በማንበብ ጊዜ የተዛባ ድራይቭ የሚያደርሰው ጉዳት የስሕተት መልእክት ማሳየት ነው። የተዛባ ድራይቭ ሲጽፍ ግን እሱ ብቻ የሚያነበው፣ ሌላ ድራይቭ የማያውቀው ዲስክ ይፈጥራል፤ በዲስኩ ላይ የነበረውም አብሮ ይጠፋል።

ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት

ዛሬ የተሻሻለ ድራይቭ ባለቤቶች ዲስክ እየቀያየሩ መቅዳት አያስፈልጋቸውም። ኤፍዲኤስስቲክን የመሰሉ በዩኤስቢ የሚሰኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ድራይቩን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛሉ። በእነሱ አማካይነት የዲስኩ ይዘት በኮምፒውተር ላይ እንደ ፋይል ይቀመጣል፤ ድራይቩ የሚፈቅድ ከሆነም ፋይሉ ወደ ዲስክ ይመለሳል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በድራይቩ ቦታ ተሰክቶ ጨዋታውን በቀጥታ ሊያጫውትም ይችላል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ማንበብ፣ የእያንዳንዱን ብሎክ የመቆጣጠሪያ ቁጥር ማረጋገጥ፣ ከዚያ መጻፍ ነው። ጨዋታው የተጫዋቹን ስምና ደረጃ በዲስኩ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ ያለባቸው ሁለት አሮጌ ዲስኮች እንኳ በይዘት ሊለያዩ ይችላሉ። በአንደኛው ላይ ሳይነበብ የተጻፈበት መረጃ ተመልሶ አይገኝም።

ሕጋዊ ጎን

ማሻሻያው የተበላሸን ዲስክ ለማዳንም ሆነ ጨዋታ አባዝቶ ለመሸጥ ይውላል። ልዩነቱ በአጠቃቀሙ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ለመጠባበቂያና ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ለመተካት አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ለሽያጭ ማባዛት ግን የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል። በሌሎች አገሮች ሕጉ ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ እገዳን ማለፍ ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስነሣል።

ጠቀሜታ

የዲስክ ካርዱ ማግኔታዊ ሽፋን እንደ ካሴት ክር ሁሉ በሻጋታ፣ በአቧራና በማግኔት ይጎዳል። አብዛኞቹ ቢጫ ዲስኮች መከለያ በር ስለሌላቸው ሽፋኑ ለጣት ንክኪ የተጋለጠ ነው። ኒንቴንዶ የመጻፍ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2003 እስካቆመ ድረስ የተበላሸ ጨዋታ እንደገና ሊጻፍ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ዲስክ ወይም የተበላሸ ጨዋታ ያለው ሰው በመጀመሪያው ማሽን ላይ እንዲሠራለት ከፈለገ የሚጽፍ ድራይቭ ያስፈልገዋል። ቅጂን ለመከላከል የተጨመረው ሰርኪት አሁን በተግባር የሚከለክለው ጥገናን ነው፤ የተሻሻሉ ድራይቮችም በዚሁ ምክንያት በሰብሳቢዎችና በጥገና ሠራተኞች ዘንድ ይፈለጋሉ።