ባሕሩ ሲዘገይ የተወለደ መሬት

የግብፅን የሳተላይት ምስል ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከካይሮ ወደ ሰሜን፣ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አረንጓዴ መሬት አለ፤ ግራና ቀኙ በረሃ ነው። ከፈርዖኖቹ ጋር አያይዘን ስለምናስበው ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስለናል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ግን የናይል ዴልታ ዕድሜው ከ8 ሺህ ዓመት እምብዛም አይበልጥም። እርሻ እንኳ ይበልጠዋል። ፍልስጤምና ሶርያ በምንላቸው አካባቢዎች ሰዎች ስንዴና ገብስ መዝራት የጀመሩት ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ከፍልስጤም እስከ ናይል ያለው ርቀት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲናን በእግር ለማቋረጥ ሳምንታት ይበቃሉ። ታዲያ ስንዴው፣ ገብሱ፣ በጉና ፍየሉ አንድ ላይ ሆነው ዴልታው አካባቢ የመንደር ኑሮ ይዘው የምናገኛቸው ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ መዘግየት በኋላ ነው። ምን ያዛቸው?

አንዱ መልስ የመጣው ከአርኪዮሎጂስት ሳይሆን ከባሕር ጂኦሎጂስት ነው። የስሚዝሶኒያኑ ዳንኤል ስታንሊ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር የዴልታውን ሰሜናዊ ክፍል እየሰረሰረ፣ ረጃጅም የአፈር ናሙናዎችን በቱቦ አወጣ። ናሙናው ከታች ወደ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ የባሕር ዳርቻ ዝቃጭ፣ ከዚያ ወፍራም ጥቁር ጭቃ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከአንድሩ ዋርን ጋር ‹ኔቸር› ላይ ያወጡት ጽሑፍ፣ ዴልታው ውስጥ ሰው መስፈር የጀመረው ባሕሩ ከፍታ የመጨመር ፍጥነቱን ሲቀንስ ነው የሚል ነበር። በዓመቱ ‹ሳይንስ› ላይ ይህንኑ ወደ ዓለም አሰፉት፤ ብዙዎቹ ታላላቅ ዴልታዎች መፈጠር የጀመሩት ከ8,500 እስከ 6,500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው አሉ። የተለያየ አህጉር፣ የተለያየ ወንዝ፣ ተቀራራቢ የልደት ቀን።

እኔ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝና ነገሩ የገባኝ ወደ ሁለት ቁጥር ሳወርደው ነው። ባሕሩ በዓመት ስንት ይወጣል? ወንዙስ በዓመት ስንት ደለል ይጨምራል? የመጀመሪያው ከበለጠ የወንዙ አፍ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሁለተኛው ከበለጠ መሬት ይወለዳል።

ከ20 ሺህ ዓመት በፊት፣ ብዙው ውሃ በረዶ ሆኖ ምድር ላይ ተከምሮ ሳለ፣ የባሕር ጠለል ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። የግብፅ ጠረፍም አሁን ካለበት በአስር ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ይርቅ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ተነሣ፤ በጣም በፈጠነበት ጊዜ በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጨምር ነበር።

1 ሴንቲ ሜትር ምን አላት? ተዳፋቱን እናስብ። ካይሮ ከባሕር ጠለል በላይ 20 ሜትር ያህል ናት፤ ባሕሩ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል። ይህን ተዳፋት እንደ ምሳሌ ከወሰድን እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ባሕሩን 80 ሜትር ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። በ25 ዓመት 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አባት የዘራበትን ማሳ ልጅ ጨው ሆኖ ያገኘዋል። ለአዳኝና ለዓሣ አጥማጅ ይህ ችግር አይደለም፤ ጎጆውን ነቅሎ ይከተላል። ጎተራ ያለው ሰው ግን እንዲህ መኖር አይችልም።

ከዚያ፣ ከ8 እስከ 7 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ የቀረው በረዶ እያለቀ ባሕሩ ዘገየ። ደለሉ ቀደመው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ይፈስስና ስስ ጭቃ አልብሶ ይመለሳል። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ብንል እንኳ በ1 ሺህ ዓመት 1 ሜትር ነው። በቻይናም ከሃንግዡ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ፣ የሄሙዱ ሰዎች የዛሬ 7 ሺህ ዓመት ገደማ ረግረግ ላይ በእንጨት ምሰሶ ቤት አቁመው ሩዝ ይበሉ ነበር።

ወደ ናይል ስንመለስ፣ በዴልታው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ጥቁሩ አፈር ከበረሃው በሚገናኝበት ከፍታ ላይ መሪምዴ ቤኒ ሰላማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1928 በሄርማን ዩንከር የተመራ ቡድን ነው ያገኛት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 5000 ዓመት አካባቢ የተመሠረተች መንደር ናት። ከታች ባለው ንብርብር ቀለል ያሉ ዳሶች ነበሩ፤ ከላይ ባሉት ግን ሞላላ የጭቃ ቤቶች ግማሽ አካላቸው መሬት ውስጥ ገብቶ ተደርድረዋል። ወደ ቤት መውረጃ ደረጃ ሆኖ ያገለግል የነበረው ምን መሰላችሁ? የጉማሬ ቅልጥም! ከቤቶቹ አጠገብ ቅርጫት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የእህል ማከማቻ ሆኗል። እህሉ ገብስና ኢመር የሚባለው የጥንት ስንዴ ነው፤ የእኛ ገበሬ አጃ የሚለው ማለት ነው። ላም፣ በግ፣ ፍየልና አሳማ ያረባሉ፣ ዓሣም ያጠምዳሉ። በግብፅ ከተገኙ የሰው ምስሎች ከጥንታዊዎቹ አንዱ፣ ከሸክላ የተሠራ ትንሽ ጭንቅላት፣ የወጣውም ከዚሁ ነው።

እንግዲህ ቅልጥሙንና ቅርጫቱን አብራችሁ እዩአቸው። ጉማሬው የረግረጉ ነው፣ እህሉ የእርሻው። እነዚህ ሰዎች አንዱን ትተው ወደ ሌላው አልተሻገሩም፤ ዴልታው ሁለቱንም ስለሚሰጥ ሁለቱንም ያዙ። ‹የግብርና አብዮት› የሚለው የትምህርት ቤት ቃል እዚህ ብዙም አይመቸኝም።

ዴልታው መሐል የሚገኘው ሳ ኤል ሐጀር፣ በጥንት ስሙ ሳይስ፣ ይህንኑ ቅደም ተከተል አስይዞ ያሳያል። የዱርሃም ዩኒቨርሲቲዋ ፔነሎፒ ዊልሰን የመራችው ቁፋሮ ከከተማው ፍርስራሽ ሥር ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሰፈር አገኘ። ከታች የዓሣ አጥንት ክምር አለ፤ የአጥማጆች ማረፊያ የነበረ ይመስላል። ከላዩ ባለው ንብርብር የቤት እንስሳት፣ በተለይ አሳማ፣ በርክተው ይታያሉ። አሳማ ረግረግ አይጠላም፤ ብልህ ምርጫ ነው። በምሥራቁ በኩል ደግሞ ሰው የሰፈረው ዓረቦች ‹ገዚራ› ማለትም ደሴት በሚሏቸው ጉብታዎች ላይ ነው። ከዴልታው በፊት የነበረው አሸዋ ቅሪት ናቸው፤ ጎርፉ ሲመጣ ጫፋቸው ደርቆ ይቀራል።

ታዲያ የ3 ሺህ ዓመቱ እንቆቅልሽ ተፈታ? እኔ ግማሹ ብቻ ነው የተፈታው ባይ ነኝ። መሪምዴን ያገኘናት ጠርዝ ላይ፣ ጭቃው ሳይደርስባት ስለቀረች ነው። ከእሷ በፊት መሐሉ ላይ ድንኳን የተከለ፣ ወይም አሁን ባሕር በሆነው ጠረፍ ዳር ጥቂት ገብስ የዘራ ሰው ቢኖር አሻራው ዛሬ ከሜትሮች ጭቃ በታች፣ ከከርሰ ምድር ውሃውም በታች ነው። ቡቶ በተባለችው ጥንታዊ ከተማ ጀርመናውያን አርኪዮሎጂስቶች ታችኛውን ንብርብር ለማየት ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ነው የቆፈሩት። በእኛ ሙያ ሎግ ላይ ያልተመዘገበ ነገር አልተፈጸመም ብሎ የሚደመድም ሰው ብዙ አይቆይም። ‹አልተገኘም› እና ‹አልነበረም› የተለያዩ ናቸው፤ በተለይ ማስረጃውን የቀበረው ራሱ የሚጠናው ነገር ሲሆን። የስታንሊ ክርክር ግን በዚህ አይወድቅም። የተረጋጋ፣ ትውልድ የሚያወርሰው ማሳ ከባሕሩ መዘግየት በፊት መኖሩ አጠራጣሪ ነው። የወደቀው ‹ሰው አልነበረም› የሚለው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው ራሱ እንምጣ። አባይ ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ማደሪያውስ ይኸው ነበር። ዴልታው ከሚደርሰው ደለል እጅግ የሚበዛው ከአባይና ሱዳን ውስጥ አትባራ ከሚሆነው ተከዜ የመጣ ነው። ይህ ግምት አይደለም። የደጋችን ባሳልት 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው፣ በጂኦሎጂ ሚዛን ወጣት ድንጋይ ነው፤ የነጭ አባይ መነሻ ዓለቶች ደግሞ እጅግ ያረጁ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ ደለል ውስጥ ያሉት የስትሮንቲየም አይሶቶፖች ምጣኔ ይለያያል፤ ጭቃው መታወቂያውን ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ታዲያ ‹ግብፅን የሠራት የእኛ አፈር ነው› የሚሉት የፌስቡክ ጽሑፎች ትክክል ናቸው? ስታንሊ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት የዴልታውን ናሙና በዚህ ዘዴ መርምሮ ያልጠበቅነውን አሳየ። ዝናቡ ከዛሬው በበዛበት በዚያ ዘመን ከደጋው የሚወርደው ደለል አነስተኛ ነበር፤ ደኑና ሣሩ አፈሩን ይዞታልና። ደለሉ የበዛው ዝናቡ ሲቀንስና ተራራው ሲራቆት ነው። ስለዚህ ዴልታውን ያስጀመረው የባሕሩ መዘግየት ነው፤ የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ አፈር ያወፈረው ቆይቶ ነው። ያ አፈር ሲወርድ ደግሞ ስጦታ ብሎ የላከው ሰው የለም፤ እዚህ በኩል የሚታየው የተገፈፈ ቁልቁለት ብቻ ነው።

የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ አሁን ደግሞ ከእሱ በፊት ሕዳሴ ግድብ አለ። ባሕሩ እንደገና መፍጠን ጀምሯል፤ የሰሜኑ ጭቃም በራሱ ክብደት እየተጨመቀ ይሰምጣል። የናይል አንዱ ቅርንጫፍ ባሕር በሚገባባት በረሺድ አፍ፣ ግንብ እስኪሠራ ድረስ፣ ጠረፉ በየዓመቱ በአስር ሜትሮች ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር።