የጋብቻ ማኅተም በማን እጅ ነው? ከእንጦጦ ተራራ ላይ የተነሣ ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ወር በእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ከዚያም በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ፓርክ ወርደን ነበር። ከተማይቱን ቁልቁል እየተመለከትን ስለ ምሥጢረ ተክሊል ስንነጋገር አንዲት እኅታችን ሁለት ጥያቄ አነሣች። «የሰው አገር መንግሥት ያጸደቀው ጋብቻ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ፊት ጋብቻ ነውን? መንግሥት አልቀበልም ያለውስ ሁሉ ጋብቻ አይደለምን?» ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የእናቷ ወንድም ልጅ በውጭ አገር ከሌላ ወንድ ጋር በዚያ አገር ሕግ «ተጋብቶ» የመኖሪያ ፈቃድ እንዳገኘ ከተሰማ ወዲህ በቤታቸው ስሙ እንደማይነሣ ነገረችን። በዚያች ሰዓት በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው። መልሱንም ቆመን ከነበረበት ተራራ ታሪክ እጀምራለሁ።

በተራራው ላይ፦ በቁርባን የጸና ጋብቻ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተዋል። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሌላ ትዳር ነበራቸው። ይህኛው ግን በቁርባን ስለ ጸና እንደ ቀደሙት ሊፈርስ የማይችል ሆነ።

በዚያ ዘመን በአገራችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ይታወቅ ነበር። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በተክሊልና በቁርባን የሚፈጸመው ነው። ሁለተኛው በሽማግሌና በዋስ ፊት በውል የሚፈጸመው የሰማንያ ጋብቻ ነው። ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ሲሆን፣ ሴቲቱ ለተወሰነ ጊዜ በተስማሙበት ክፍያ የምትኖርበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ብላ የምትጠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ነገር ግን በሰማንያ የተጋቡትን ባልና ሚስት አይደላችሁም ብላ ከደጇ አላባረረችም። እየመከረችና እየጠበቀች ብዙዎቹን በእርጅናቸው ወራት እንኳ ወደ ቁርባን አደረሰች። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሚዛን ነበረ ማለት ነው። አንዱ ዳኛ የሚያውቀው ውል ነው፤ ሌላው መንፈስ ቅዱስ የሚያጸናው ምሥጢር ነው።

በተራራው ግርጌ፦ የባዕዳን ሠፈር

ከእንጦጦ ወደ የካ ሲወርዱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለውን ሠፈር እናገኛለን። ከዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን በላኩ ጊዜ አፄ ምኒልክ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩስያና የጣልያን ኤምባሲዎች እስከ ዛሬ በዚያው አካባቢ ይገኛሉ። ከመልእክተኞቹ ጋር ነጋዴው፣ ግንበኛውና ሐኪሙም መጣ፤ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱም በከተማይቱ ኖረ። አብሮ መኖር ባለበት ደግሞ መጋባት አይቀርም።

ያን ጊዜ የዜግነትና የዳኝነት ጥያቄ ተነሣ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጎች በየቆንስላቸው ሕግ እንዲዳኙ በር ከፈተ። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት በሁለት መንግሥት ሕግ ሥር ሆኑ። ከዚያም ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከአባት ወይም ከእናት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው አለ። ኢትዮጵያዊ በሕግ ያገባት የባዕድ አገር ሴትም ኢትዮጵያዊት ትሆናለች አለ። ባዕድ ያገባችው ኢትዮጵያዊት ግን ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚሰጣት ከሆነ የራሷን ታጣ ነበር። ወንዱ ሚስቱን ወደ አገሩ ሲያስገባ፣ ሴቲቱ ባሏን ስትከተል ከአገሯ ትወጣ ነበር ማለት ነው። ይህን ጉድለት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ለልጆች ያሰበው ክፍል ግን መልካም ነበር። ዋጋውም ከሰባት ዓመት በኋላ ታየ።

ፍቅርን ወንጀል ያደረገው ሕግ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። የዚያ ደም ገና ሳይደርቅ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት መንግሥት በቁጥር 880 አንድ ድንጋጌ አወጣ። ማንኛውም የጣልያን ዜጋ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይፈረድበታል የሚል ነው።

ሕጉን በጥልቀት ስንመረምረው ክፋቱ ይበልጥ ይገለጣል። ጣልያኖች በኤርትራ ለብዙ ዓመታት ማዳማቶ በሚሉት ልማድ ከአገሬው ሴቶች ጋር ይኖሩ ነበር። ሴቶቹ የሚያውቁት የደሞዝ ጋብቻን ነውና ወንዱ ግዴታ ያለበት ይመስላቸው ነበር፤ እርሱ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ሴቲቱንና ልጆቿን ትቶ ይሄድ ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን በደል ለማረም አልወጣም። ወንዱ ወደ ሴተኛ አዳሪ ቢሄድ ሕጉ አይነካውም። የሚቀጣው ሴቲቱን እንደ ሚስት ከያዛት፣ በአንድ ማዕድ ከበላ፣ አብሯት ለመኖር ካሰበ ነው። ዳኞቹ በችሎት የሚመረምሩት ፍቅር መኖሩን ነበር፤ ወዳታለሁ ማለት በተከሳሹ ላይ ማስረጃ ይሆንበት ነበር። ዝሙትን የፈቀደ ታማኝነትን ያሰረ ሕግ ከዚህ ሌላ ምን ስም ይሰጠዋል?

ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም. ደግሞ «አርያን» የተባለ የጣልያን ዜጋ ከሌላ ዘር ጋር የሚፈጽመው ጋብቻ የተከለከለና ከንቱ ነው ተብሎ ተደነገገ። በዚህ ጊዜ የሮሙ ፓፓ ፒዮስ 11ኛ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመን ጋብቻ በዘር ምክንያት አልቀበልም ማለት በ1921 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ማፍረስ ነው ብለው ለሞሶሎኒና ለንጉሡ ጻፉ። አልተሰሙም። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከሁሉ የከፋ ሆነ። ከጣልያናዊና ከተገዢ የተወለደ ልጅ የተገዢውን ወገን ደረጃ ይይዛል፤ ጣልያናዊው ወላጅ ልጄ ነው ብሎ ሊቀበለው አይችልም፤ ስሙንም ሊያወርሰው አይችልም፤ ማሳደጊያውም በአገሬው ወላጅ ላይ ብቻ ይወድቃል ተባለ። አባት በሕይወት ሳለ ልጅ በሕግ ስም አልባ ሆነ።

መጽሐፍ ቅዱስ ያስቀደመው ፍርድ

እኛ ግን ስለዚህ ነገር ከሮም ሕግ አስቀድሞ የተጻፈ ፍርድ አለን። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን ሴት ስላገባ ማርያምና አሮን እንዳሙት እናነባለን። እግዚአብሔር በሐሜተኞቹ ላይ ተቈጣ፤ ማርያም በለምጽ ተመታች። ሞዓባዊቱ ሩትም በቦዔዝ ቤት ገብታ የዳዊት ቅድመ አያት ሆነች፤ ቅዱስ ማቴዎስም በጌታችን የትውልድ ሐረግ ውስጥ ስሟን ጻፈው። የእግዚአብሔር ሕዝብ በጋብቻ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ የእምነት ጥያቄ ነው፤ ከየት ዘር መጣሽ የሚል አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችንም ተክሊል ለሚሹ ከሌላ አገር ለመጡ ሙሽሮች በመጀመሪያ የምትጠይቀው ጥምቀታቸውንና ሃይማኖታቸውን ነው። የፓስፖርታቸውን ቀለም አትጠይቅም።

ከነጻነት በኋላ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አወጁ። ብዙ ጣልያኖች በዚሁ ቀሩ፤ ሚስት አገቡ፤ ልጅ አሳደጉ። በ1922ቱ ሕግ መሠረት ኢትዮጵያዊት እናት የወለደችው ልጅ ኢትዮጵያዊ ነበርና፣ ሮም ስም የነፈገችውን ልጅ አገሩ አልካደችውም።

ከዚያም ሕጋችን ቀስ በቀስ ተቃና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች እኩል አወቀ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ከውጭ ዜጋ ጋር መጋባት ወንድም ሆነ ሴት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደማያሳጣ ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያ ይጸናል አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ዜጋ፣ ጋብቻው 2 ዓመት ከሞላውና ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በአገሪቱ ከኖረ፣ ዜግነት እንዲጠይቅ ፈቀደ።

የዛሬው ጥያቄ

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። በአሜሪካ እስከ ሰኔ 1959 ዓ.ም. ድረስ በብዙ ክፍለ ግዛቶች የነጭና የጥቁር ጋብቻ የተከለከለ ነበር። በዚያ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን ሻረ። በዚያችው አገር በ1989 ዓ.ም. የወጣ የፌዴራል ሕግ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ በክፍለ ግዛት ሕግ ከተጋቡ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች አንዱ የውጭ ዜጋ ቢሆን፣ በኢሚግሬሽን ፊት እንደ ባዕዳን ይቈጠሩ ነበር። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ያንን ሻረ፤ ከዚያ ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። በኢትዮጵያ ሕግ ግን ይህ ጋብቻ አይታወቅም፤ ግንኙነቱንም የወንጀል ሕጋችን ይቀጣል።

አንዳንዶች ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የፋሺስት ሕግ የከለከለው ቤተ ክርስቲያን የምትባርከውን፣ ወንድና ሴት በአምላክ ፊት የሚሆኑትን አንድነት ነው። በመካከላቸው የቆመው ዘር ብቻ ነበር። አሁን የሚጠየቀው ግን ቤተ ክርስቲያን ከጌታዋ ያልተቀበለችውን ጋብቻ ብላ እንድትጠራ ነው። ይህን ልታደርግ አትችልም፤ የትኛውም ፍርድ ቤት ምሥጢርን ሊሠራ አይችልምና። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አይደለም ነው። ለሁለተኛውም መልሱ ያው ነው፤ ሮም ከንቱ ያለችው የወንድና የሴት አንድነት በእግዚአብሔር ፊት ከንቱ አልነበረም። ማኅተሙ በመንግሥት እጅ አይደለም።

ነገር ግን እኅታችን በጥያቄዋ ውስጥ ሌላ ሦስተኛ ነገር ደብቃ ነበር፤ የወንድሟን ስም። እዚህ ላይ የ1932ቱ ሕግ ሊያስተምረን ይገባል። ያ ሕግ ልጅን ከአባቱ ስም ፋቀ። እኛም የማንቀበለውን ሥራ ስለ ሠራ የሰውን ስም ከቤታችን ብንፍቅ፣ ከማዕዳችን ከጸሎታችንም ብናወጣው፣ የማንን ሥራ እየሠራን ነው? ሥራውን ጋብቻ ብለን አንጠራውም። እርሱን ግን በክርስትና ስሙ እንጠራዋለን። ስሙ የተሰጠው በ40 ቀኑ በካህን አፍ ነው፤ የኢሚግሬሽን ወረቀት አልሰጠውም፤ የእኛም ኀፍረት አይወስድበትም። ጌታችን ከቀራጮች ጋር በማዕድ ሲቀመጥ ቀራጭነትን አልባረከም፤ ሰዎቹን ግን አልናቀም። በሰው ላይ መሳደብ፣ ማስፈራራት፣ መደብደብ ሃይማኖትን መጠበቅ የሚመስላቸው ካሉ ይህን ከየትኛውም ሊቅ አልተማሩትም።

እቴጌ ጣይቱ ከአፄ ምኒልክ ዕረፍት በኋላ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። ሥልጣናቸውን ተነጥቀው፣ በጸሎት ተወስነው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም ከጊዜ በኋላ ወርዶ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ። መንግሥት ዘውዳቸውን ወሰደባቸው፤ በቁርባን የተቀበሉትን ሚስትነት ግን ማንም አልወሰደባቸውም።

እኅቴ ሆይ፣ በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ስትገቢ የወንድምሽን የክርስትና ስም በጸሎትሽ አስቢ። እናትሽንም ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ስሙን እርሳቸውም ያልረሱት ይመስለኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።