አምቡላንስን አምቡላንስ ያደረገው ዝርዝር

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአሜሪካ በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ የአስከሬን መኪና ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውን አጋድሞ ለመጫን የሚበቃ ርዝመት ያለው እርሱ ነበር። የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ በ1966 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት የቀብር አስፈጻሚዎች መሆናቸውን አመለከተ። መኪናው ይፈጥናል፤ በውስጡ ግን ሕይወት ለማቆየት የሚረዳ ነገር እምብዛም አልነበረም።

በዚያው ዓመት በቤልፋስት ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ ክፉኛ የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ አምቡላንስ ላይ ጫኑ። በመኪና ባትሪ የሚሠራው ይህ መሣሪያ 70 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ክብደቱ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ወረደ። መሣሪያው ከሆስፒታል እንዲወጣ መጀመሪያ ለመኪናና ለተሸካሚ እጅ መመጠን ነበረበት።

በ1967 ደግሞ በፒትስበርግ የተቋቋመው «ፍሪደም ሃውስ» የተባለው አገልግሎት የጥቁሮች ሰፈር ነዋሪዎችን አሠልጥኖ በተሟላ መኪና አሠማራ። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ በ1970 ለአምቡላንስ አስፈላጊ የሆኑ ዕቃዎችን ዝርዝር አሳተመ፤ በ1974 የፌዴራል መንግሥት የተሽከርካሪውን አሠራር በመስፈርት ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የሕመምተኛው ክፍል ስፋትና የዕቃ ማስቀመጫው የሕግና የግዥ ጉዳይ ሆነ። አመክንዮው ቀላል ነው፦ ያልታሰረ የኦክስጅን ሲሊንደር በግጭት ጊዜ ራሱ ገዳይ ይሆናል፤ በጨለማ የሚፈለግ መምጠጫ መሣሪያም እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያም ይናገራል። መንግሥት ወላድ እናቶችን ወደ ጤና ተቋም ለማድረስ አምቡላንሶችን ለወረዳዎች ማከፋፈሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ከባሕር ማዶ በሚሰበሰብ መዋጮ አምቡላንስ ገዝቶ ወደ ትውልድ አካባቢ መላክም የተለመደ በጎ ተግባር ሆኗል። የርክክቡ ፎቶግራፍ የሚያሳየው ግን የመኪናውን ውጭ ብቻ ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም የሚከላከለው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። በጠራራ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የከረመ ብልቃጥ መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018፣ የኦክሲቶሲን ጥራት በማያስተማምንበት ቦታ፣ ሙቀት የሚቋቋመውን ካርቤቶሲን ለመከላከያነት እንደ አማራጭ አቀረበ። የመድኃኒቱ ምርጫ ከማስቀመጫው ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

እንግዲህ ለጋሽም ሆነ የጤና ቢሮ ከመኪናው ዋጋ ጎን ሦስት ጥያቄዎችን ማስፈር ይገባዋል፦ ውስጡ ምን ይኖራል? እያንዳንዱ ዕቃ የት ይቀመጣል? በየፈረቃው ቆጥሮ የሚፈርመው፣ የጎደለውንስ የሚተካው ማን ነው? አሜሪካ የአስከሬኑን መኪና ከአምቡላንሱ የለየችው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንጂ በቀይ መብራት አልነበረም።