ባሕርይ

«ባሕርዬ ነው» ከተባለ ክርክር የለም። ቃሉን የሰጠን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን በሰው ሥጋ አራት ባሕርያት አሉ ይላል፤ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት። ልብ በሉ፤ አራቱም በእያንዳንዳችን ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ሰው እሳት፣ ሌላው ውሃ ተብሎ አይመደብም። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግም በ1921 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ዓይነቶች ሲጽፍ የተናገረው ስለ ዝንባሌ ነበር። ከእርሱ ሐሳብ ተነሥተው ብሪግስና ልጇ ማየርስ ያዘጋጁት መጠይቅ ነው ሰውን በ16 ዓይነት ከፍሎ ባለ አራት ፊደል መታወቂያ የሚያድለው (ቀጣሪዎች ሳይቀሩ ይወዱታል)። አስተማማኝነቱ ያከራክራል፤ ደግመው ሲሞሉት ፊደሉ የሚለወጥባቸው ጥቂት አይደሉም። እኔን የጠቀመኝ «ዝምተኛ ነህ» ማለቱ ሳይሆን በስብሰባ ላይ ከምን እንደምሸሽ ማሳየቱ ነው። ይህን ሽሽት «ባሕርይ» ከምለው «አመል» ብለው እመርጣለሁ፤ አመል ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን ላለማንሣት ሰበብ የለኝም።