የሆሄ ሥርዐትና የአደባባይ ክርክር፦ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ድንጋጌ ስለ መመርመር

ሕዝብ በጽሑፍ የሚከራከርበት አደባባይ፣ ጋዜጣም ይሁን ዛሬ በየሰዉ እጅ ያለው ስልክ፣ ሆሄውን ያላጠራውን ተከራካሪ ቃሉን ሳይሰማ ከደጅ ሊመልሰው ይገባዋልን ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከሊቃውንቱ «ይገባዋል» የሚሉ አሉ፤ ይህ ጽሑፍ ግን የዚያ መልስ መሠረት የሆነው ትምህርት ለሌላ ሥራ የተሰናዳ መሆኑን፣ ከቋራ ምድር የወጣ አንድ ቸል የተባለ ምስክርም እንደሚቃወመው ያሳያል።

ሞክሼ የሚባሉት ፊደላት፣ ማለት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሠ፣ ሰ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፣ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ሙግት የቆየ ነው፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም የመቀነስ ሐሳብ ማቅረቡ የታወቀ ስለ ሆነ አልዘገይበትም። ፊደሉ ሁሉ ይኑር፤ ጠቤ ፊደሉን የመናገሪያ ፈቃድ ካደረጉት ጋራ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አባት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው፣ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ደክመውበት፣ ከዕረፍታቸው በኋላ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ወደር የሌለው ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። መጽሐፉ እያንዳንዱ ቃል በግእዝ ሥሩ እንዲጻፍ ያዛል፤ ደስታም በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይህንኑ ሥርዐት ለአማርኛ አጸኑት። ድንጋጌው ለመዝገበ ቃላትና ለትርጓሜ መጻሕፍት ትክክል ነው፤ በአደባባይ ክርክር ላይ ሲጫን ግን ሦስት ቦታ ይሰበራል።

አንደኛ፣ ዘወትር የሚጠቀሱት ማስረጃዎች የግእዝ እንጂ የአማርኛ አይደሉም። ሠረቀ ብርሃን የሚወጣበት፣ ሰረቀ ሌባ የሚወስድበት ነው ይሉናል፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ፀሐይ «ወጣች» ይላል እንጂ «ሠረቀች» አይልምና የሚምታታበት ነገር የለም። ሠዐለና ሰአለም እንዲሁ ናቸው፤ በአማርኛ አንዱ ሣለ፣ ሁለተኛው ለመነ ሆነው ከተለያዩ ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ የብራና ጸሐፍት ራሳቸው፣ በገዳምና በደብር ያደጉት፣ ሠን በሰ፣ ሐን በኀ ሲለውጡ ኖረዋል፤ በዚህ ጉድለት ግን ቅዳሴ አልተቋረጠም፣ መጽሐፍም አልተወገዘም። ሦስተኛውና ጽኑው፣ ፊደላችን ከሞክሼ እጅግ የሚከፋ አሻሚነት ተሸክሞ መኖሩ ነው፤ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍምና። በመተማ ቆላ ባለችው በሽንፋ ገበያ አንድ ነጋዴ በመጋዘኑ በር ላይ «ሰሊጥ ይሸጣል» ብሎ ቢጽፍ፣ «ሸ» ሲላላ ሻጭ የሆነ ሰው መኖሩን፣ ሲጠብቅ ሰሊጡ ለገዢ መቅረቡን ይናገራል፤ ገዢ ሁሉ ግን ሳይሳሳት ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል። ይህን ታላቅ ክፍተት በትዕግሥት የሚያልፍ አንባቢ «ሀ» በ«ሐ» ቦታ ስለ ገባ አልገባኝም ቢል ማን ያምነዋል?

ቸል የተባለው ምስክር የቋራው ተወላጅ የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ለንግሥት ቪክቶሪያና ለመልእክተኛዋ የተላኩት እ.ኤ.አ. በ1979፣ የዘመኑ የደብዳቤ ልውውጥ ደግሞ በስቬን ሩቤንሰን እጅ እ.ኤ.አ. በ1994 ታትመው ወጥተዋል። የታሪክ ሰዎች ፖለቲካውን መርምረውባቸዋል፤ በሆሄው ሙግት ግን እምብዛም በምስክርነት አይጠሩም። ዜና መዋዕል ከግእዝ ወደ አማርኛ በተሻገረበት በዚያ ዘመን፣ አማርኛ ለመንግሥት ሙግት ሲቆም ሞክሼዎቹ እንደ ጸሐፊው እጅ ይለዋወጡ ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ ለንደን ደርሶ ተተረጐመ፣ ቃሉም ታወቀ፤ መልስ ግን በጊዜው አላገኘም፤ መዘዙም በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላው ጦርነት ደረሰ። እንግዲህ ያን ጊዜ የጠፋው የሚያነብ ሳይሆን በጊዜው የሚመልስ ነበር።

ድንጋጌው ዛሬ ማንን እንደሚያስወጣ ለማወቅ ወደ መተማ ቆላ መውረድ ይበቃል። በሰሊጥ አረምና አጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርደው፣ ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ፣ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የያዘው ጉሙዝ፣ ከሱዳን ጋራ በዐረብኛ የሚገበያየው ነጋዴ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ኬላ የሚናገሩት ጕዳይ አላቸው። እነዚህ በሽምግልና ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ቃላቸው በፍሬው ይመዘናል፤ በጽሑፍ ሲመጡ ግን ባልተማሩት ግእዝ ይፈተናሉ። የቆሎ ትምህርት ቤት ያላለፈ ሁሉ ዝም ይበል ማለት ነገሩን ማጥራት ሳይሆን ተከራካሪውን ማሳነስ ነው።

«ቋንቋው ይበላሻል» የሚሉ አሉ፤ በዘመናት የብራና ስሕተት ያልተበላሸ ቋንቋ በስልክ አይበላሽም። «ቸልታ ነው» የሚሉም አሉ፤ ስንፍናን ከድካም ለይቶ የማያውቅ ዳኛ ቢፈርድም ፍርዱ አይጸናም። በእርግጥ ስለ ጕዳዩ የመጨረሻውን ቃል ተናገርሁ አልልም፤ ሕግ፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ኅትመትና የሰው ስም በሥርዐታቸው ሊጻፉ ይገባል፤ ይህንም ጽሑፍ በተቻለኝ መጠን በሥርዐቱ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ የጽሑፍ አደባባይ የሚጠብቁ ሁሉ፣ አዘጋጅም ሆኑ አወያይ፣ ዐረፍተ ነገሩ ባለቤቱንና ግሡን አጥቶ ሐሳቡ የማይጨበጠውን ጽሑፍ ለጸሐፊው ይመልሱለት፣ አብራራም ይበሉት፤ ሐሳቡ የተጨበጠውን ግን፣ ሆሄው ቢዛነፍ፣ አራሚው እንደ ሥራው አቅንቶ ያውጣው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ መጽሐፍ በአራሚው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ በር ጠባቂ አይሁን።